ሲሚንቶን በአየር በቧንቧ ለመንዳት የትኛው የስሌት ሞዴል? የአምስት መንገዶች ንጽጽር

በሰዓት 30 ቶን ሲሚንቶ፣ 120 ሜትር ርቀት፣ ከዚያ ውስጥ 15 ሜትሩ ሽቅብ፣ አምስት ኤልቦ (የቧንቧ መታጠፊያ)። ሥራው ይህ ብቻ ነው። ስሌቱን ለማሠራት ዋጋ ሲጠየቅ ግን መልሱ ለየቅል ይመጣል። አንዱ ኤክሴል ላይ ሁለት ገጽ ሠርቶ ያስረክባል፤ ሌላው «ዱቄቱን ላኩልንና በሙከራ መስመር ላይ እንንዳው» ይላል፤ ሦስተኛው በቀለም ያሸበረቀ ሲሙሌሽን ይዞ ይመጣል። ሲሙሌሽኑም ራሱ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ነው። ሁሉም «ሞዴል» ይባላሉ፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን አንድ አይደለም።

ምሳሌያችን ሲሚንቶ ነው። አብዛኛው ነገር ለድንጋይ ከሰል አመድና ለኖራም ይሠራል። የስንዴ ዱቄት የሚለይበት ቦታ ላይ ስንደርስ እንናገራለን።

መጀመሪያ መመዘኛው

ምርጫው የሚበላሸው ሶፍትዌር ሲመረጥ ሳይሆን ገና ጥያቄው ሲነሣ ነው። በዱቄት መስመር ላይ የሚነሡት ጥያቄዎች ቢጠቀለሉ አራት ናቸው። ስንት ግፊትና ስንት አየር ያስፈልጋል? መስመሩ ከየትኛው ፍጥነት በታች ይደፈናል? የትኛው ኤልቦ ቀድሞ ይበሳል? ያለው መስመር ለምን ይንገጫገጫል? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሙሉው መስመር ጥያቄዎች ናቸው። የኋለኞቹ ሁለቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ሜትር ጉዳይ ናቸው፦ አንድ ኤልቦ፣ አንድ መጋቢ ቫልቭ፣ ከብሎው ታንክ (ዱቄቱ በአየር ግፊት ተገፍቶ ወደ ቧንቧው ከሚገባበት ታንክ) የሚወጣ አንድ አፍ። ለሁለቱም ወገን እኩል የሚሠራ መሣሪያ የለም።

ስለዚህ እያንዳንዱን መንገድ በአራት ነገር እንመዝነዋለን፦

- ምን ግብዓት ይፈልጋል? ያንን ግብዓትስ እናንተ መለካት ትችላላችሁ?
- የተፈተነው በምን ዓይነት ዱቄትና በምን የፍሰት ሁኔታ ነው?
- ስንት ቀን ይፈጃል? ምን ዓይነት ኮምፒውተር ይጠይቃል?
- ሲሳሳት ያስታውቃል ወይ?

የመጨረሻው ጥቃቅን ነገር ይመስላል እንጂ ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስከፍለው እሱ ነው። የኤክሴል ስሌት ሲሳሳት ቁጥሩ ራሱ ይጮኻል። ሲሙሌሽን ግን የሚሳሳተው አምሮ ነው።

ዱቄቱን ሳያውቁ ሞዴል መምረጥ የለም

«ደቃቅ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርም። ተመራማሪው ጌልዳርት በ1973 ዱቄቶችን በቅንጣት መጠንና ከአየሩ ጋር ባላቸው የእፍግታ ልዩነት ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ ብሎ በአራት ከፍሏቸዋል። አሸዋ ቢ ውስጥ ይገባል። ሲሚንቶ በቅንጣቱ ትንሽነት ብቻ ቢታይ እርስ በርሱ ወደሚጣበቀው ወደ ሲ ይጠጋል፤ ቧንቧ ውስጥ ሲገባ ግን አየሩን ይዞ ስለሚቆይ እንደ ፈሳሽ ይፈሳል። ስለዚህ ሰንጠረዡን ብቻ አይቶ «ይህ ዱቄት ተጣባቂ ነው፣ በዝግታ አይነዳም» ማለት ስሕተት ነው። ዱቄቱ አየር መያዝ መቻሉ ነው ቁም ነገሩ።

ይህንን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያሻም። ታቹ አየር በሚያሳልፍ ጨርቅ የተሸፈነ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ግልጽ ሲሊንደር ይዘጋጃል። ግማሽ ሜትር ያህል ዱቄት ይጨመርበታል፣ ከታች አየር እየተሰጠው እስኪያብጥ ይጠበቃል፣ ከዚያ አየሩ በአንድ ጊዜ ይዘጋና በሰዓት መቁጠሪያ ይያዛል። አሸዋ ወዲያውኑ ቁጭ ይላል። ሲሚንቶ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ቀስ ብሎ የሚወርድ ዱቄት በዴንስ ፌዝ፣ ማለትም ብዙ ዱቄት በጥቂት አየር በዝግታ በሚነዳበት መንገድ፣ የመሄድ ዕድል አለው። ወዲያው የሚቀመጥ ዱቄት በተራ ቧንቧ የሚሄደው በዳይሉት ፌዝ፣ በአየሩ ተበትኖ በፍጥነት እየበረረ ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር ሁለት የእፍግታ ልኬቶች ይያዙ፦ ዱቄቱ ዝም ብሎ ሲፈስስና ዕቃው ተመትቶ ሲጠቀጠቅ። የሁለተኛው ለመጀመሪያው ያለው ምጥጥን ከ1.4 ሲያልፍ ዱቄቱ ተጣባቂ ነው፤ መጋቢው አፍ ላይ ድልድይ እየሠራ ያስቸግራል። እነዚህ ቁጥሮች ሳይኖሩት ሲሙሌሽን እንሥራላችሁ የሚል ሰው ግብዓቱን ከየት እንደሚያመጣው ይጠየቅ።

የምሳሌው መስመር በአዲስ አበባ ከፍታ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። የአየሩ ግፊት ወደ 77 ኪሎፓስካል ነው፤ በባሕር ጠለል 101.3 ነበር። ይህ ልዩነት ስሌቱን እስከ ሥሩ ይለውጠዋል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የአየሩ እፍግታ 1.2 መሆኑ ቀርቶ በሜትር ኩብ 0.916 ኪሎ ይሆናል።

በ125 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በሰከንድ 0.33 ኪሎ አየር እንስጥ። 30 ቶን በሰዓት ማለት በሰከንድ 8.33 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ኪሎ አየር 25 ኪሎ ሲሚንቶ እንጭናለን። ይህ የጭነት ምጥጥን ይባላል። በመግቢያው ላይ የጌጅ ግፊቱ (ከአካባቢው አየር ግፊት በላይ ያለው) 200 ኪሎፓስካል ነው ብንል፣ አየሩ መግቢያ ላይ በሰከንድ 8.2 ሜትር ይሄዳል። መውጫው ላይ ግፊቱ ስለሚወርድ አየሩ ይለጠጥና 29.4 ሜትር ይደርሳል።

አሁን የኮምፕረሰር ካታሎግ የሚያሳስትበትን ቦታ እንይ። ይኸው 0.33 ኪሎ አየር በባሕር ጠለል በደቂቃ 16.4 ሜትር ኩብ ነው። ኮምፕረሰሩ በዚህ ቁጥር ታዝዞ አዲስ አበባ ቢተከል የሚስበው ሜትር ኩብ ያው ነው፤ አየሩ ግን ሳሳ ያለ በመሆኑ በሰከንድ የሚደርሰን 0.25 ኪሎ ብቻ ነው። የመግቢያው ፍጥነት ወደ 6.2 ሜትር ይወርዳል፣ የጭነት ምጥጥኑ ወደ 33 ይወጣል። ሲሚንቶ በዳይሉት ፌዝ ከ10 እስከ 12 ሜትር በሰከንድ ዝቅተኛ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ምጥጥኑ ከ100 ሲያልፍ ግን በ3 ሜትርም ሊሄድ ይችላል። ለእኛ ምጥጥን መሀሉን ይዘን 7 ሜትር እንበል። 8.2 ይሄዳል፣ ጠርዝ ላይ ቢሆንም። 6.2 ይደፈናል። ከዚያ በኋላ ያለው በመዶሻ ቧንቧ መቀጥቀጥ ነው።

ሌላም አለ። ከወፍጮ ትኩስ የወጣ ሲሚንቶ በ70 ዲግሪ ቢገባ፣ የዱቄቱ ብዛት የአየሩን 25 እጥፍ ስለሆነ አየሩ ወዲያው ወደ 68 ዲግሪ ይሞቃል፤ ፍጥነቱም በ16 በመቶ ይጨምራል። ይኸው መስመር በማለዳ፣ ሳይሎ ውስጥ ያደረና የቀዘቀዘ ሲሚንቶ ሲገባበት ያንን 16 በመቶ ያጣል። ቀን ሲሠራ ውሎ ጠዋት የሚደፈን መስመር ሲያጋጥም ይህንን ማየት ነው። የትኛውም ሞዴል ይመረጥ፣ በሁለቱም ሙቀት ይሰላ።

አንደኛው መንገድ፦ ቀመር በኤክሴል

የብዙው ስሌት መሠረት የጀርመናዊው ባርት ቀመር ነው፦

የሰበቃ ግፊት ኪሳራ = (የአየር ሰበቃ ቁጥር + የጭነት ምጥጥን × የዱቄት ሰበቃ ቁጥር) × (ርዝመት ÷ ዲያሜትር) × (የአየር እፍግታ × ፍጥነት² ÷ 2)

የአየሩ ሰበቃ ቁጥር 0.02 ገደማ ነው፤ እሱ አያስቸግርም። ጭንቀቱ ያለው የዱቄቱ ላይ ነው። ይህ ቁጥር በጭነት ምጥጥኑና በፍጥነቱ ይለዋወጣል፤ የሚገኘውም ከሙከራ ብቻ ነው። መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ቋሚ ቁጥር የሌላ ሰው ዱቄት በሌላ ሰው ቧንቧ የሰጠው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመውጫው ይጀመራል፤ እዚያ ግፊቱ ይታወቃል፣ 77 ኪሎፓስካል። ወደ ኋላ በየ2 ወይም 5 ሜትሩ እየተቆረጠ፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ እፍግታውና ፍጥነቱ እንደ አዲስ ይሰላል። መስመሩን በአንድ አማካይ ፍጥነት ማስላት የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ እዚህ ፍጥነቱ ከጫፍ ጫፍ በሦስት እጥፍ ተኩል ይለያያል። ከዚያ ሦስት ነገር ይደመራል፦ ሽቅቡ፣ ኤልቦዎቹና ዱቄቱን ለማስፈንጠር የሚወጣው ግፊት። ሰው የሚፈራው ሽቅቡን ነው። ዱቄቱ በሰከንድ 15 ሜትር ቢወጣ የ15 ሜትሩ ሽቅብ ክብደት 6.7 ኪሎፓስካል ብቻ ነው የሚጠይቀው። ዱቄቱን ከቆመበት አንሥቶ ወደ 6 ሜትር በሰከንድ ማድረስ ደግሞ 4 ኪሎፓስካል ይወስዳል። በየኤልቦው ዱቄቱ ግድግዳ ተጋጭቶ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ እንደገና ይገፋል፤ ያው ክፍያ እንደገና ይከፈላል። አምስት ኤልቦ ከአንድ ሽቅብ የሚብሰው ለዚህ ነው።

ይህ መንገድ ክፉኛ የሚወድቀው የመደፈን ፍጥነትን ከተዘጋጀ ቀመር ሲወስድ ነው። በሰፊው የሚጠቀሰውን የሪዝክን ቀመር እንሞክረው። የ20 ማይክሮን ቅንጣት፣ 125 ሚሊ ሜትር ቧንቧ፣ ምጥጥን 25 ስንሰጠው መልሱ በሰከንድ 24.5 ሜትር ነው። የሲሚንቶ መስመሮች በዚህ ምጥጥን ከዚያ ሢሶ ፍጥነት ይነሣሉ። ቀመሩ ከንቱ ስለሆነ አይደለም፤ የተሠራው ለጠጣር ጥራጥሬ ነው፣ አየር ይዞ የሚፈስስ ደቃቅ ዱቄት አያውቅም። በ24.5 ሜትር የተነደፈ መስመር አይደፈንም፤ ግን የሦስት እጥፍ አየር ይበላል፣ ኤልቦውን ይፈጃል።

ለኤክሴሉ ማሞገሻ የሚሆነው ፍጥነቱ ነው። ቧንቧው 150 ቢሆንስ? መሀል ላይ ቢሰፋስ? መልሱ በደቂቃ ይመጣል። ለምሳሌ በመውጫው በኩል ቧንቧው ወደ 150 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ የመውጫው ፍጥነት ከ29.4 ወደ 20.4 ይወርዳል። የመበላት መጠኑ ከፍጥነቱ ጋር በ2.5 ኃይል ገደማ ስለሚያድግ የመጨረሻው ኤልቦ ዕድሜ ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ይረዝማል። የት ይስፋ? ከሰፋ በኋላ ፍጥነቱ ከ8.2 በታች እንዳይወርድ፣ ፍጹም ግፊቱ (የአካባቢው አየር ግፊትም ተደምሮ) ወደ 190 ኪሎፓስካል የሚደርስበት ቦታ ላይ። ከዚያ ቀደም ብሎ ከሰፋ እዚያው ይደፈናል። በደጋ ላይ የግፊት ልዩነቱ ምጥጥን ትልቅ ስለሆነ ይህ ማስፋት ከባሕር ዳር ከተሞች ይልቅ ለእኛ ይጠቅማል።

ሁለተኛው መንገድ፦ በሙከራ መስመር ነድቶ ማሳደግ

ዱቄቱ ራሱ ይነዳል፣ የተገኘው ውጤት በርዝመትና በስፋት ይሰላል። በአንድ ዓይነት የግፊት ልዩነትና በአንድ ዓይነት የመግቢያ ፍጥነት፣ የሚሄደው ቶን ከአቻ ርዝመቱ ጋር በተቃራኒ፣ ከቧንቧው የአፍ ስፋት፣ ማለትም ከዲያሜትሩ ካሬ፣ ጋር በቀጥታ ይለዋወጣል። አቻ ርዝመት ማለት ሽቅቡና ኤልቦዎቹ ወደ አግድም ሜትር ተመንዝረው ሲደመሩ ነው፤ ሽቅብ በግምት በእጥፍ ይቆጠራል፣ የኤልቦው ምንዛሪ ደግሞ ፍጥነቱ ሲጨምር ይረዝማል።

ሙከራው በ80 ሚሊ ሜትር ቧንቧ፣ በ100 ሜትር አቻ ርዝመት፣ በሰዓት 12 ቶን ሰጠ እንበል። የእኛ ደግሞ 125 ሚሊ ሜትርና 200 ሜትር አቻ ርዝመት ነው። 12 × (100 ÷ 200) × (125 ÷ 80)² = 14.6 ቶን። 30 የሚፈልግ ሰው በዚህ ግፊት ወይ ሰፋ ያለ ቧንቧ ይይዛል ወይ ግፊቱን ይጨምራል።

ወጥመዱ እዚህ ነው። ርዝመቱ ሲያድግ ቶኑ በግማሽ ወረደ፤ አየሩ ግን ከቧንቧው ስፋት ጋር ብቻ ነው ያደገው። ስለዚህ የጭነት ምጥጥኑም በግማሽ ወርዷል። በሙከራው 30 የነበረው 15 ሆኗል ማለት ነው፤ በ15 ደግሞ ዝቅተኛው ፍጥነት ከፍ ይላል። አየር ይጨመራል፣ ምጥጥኑ እንደገና ይወርዳል፣ እንደገና ይሰላል። ይህንን ዙር ያልዞረ ሪፖርት በአጭር የሙከራ መስመር ላይ የታየውን ዴንስ ፌዝ ለረጅም መስመር ቃል እየገባ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ናሙናው ነው። ሲሚንቶ በመንገድ ላይ እርጥበት ይጠጣል። የሙከራ መስመሩም ያንኑ ዱቄት ደጋግሞ ስለሚያዞረው ቅንጣቱ ሊለወጥ ይችላል፤ በየስንት ዙሩ ዱቄቱ እንደሚቀየር ይጠየቅ። ሙከራው በባሕር ጠለል ከተሠራ ደግሞ የሚተረጎመው ፍጥነቱና ኪሎው እንጂ ሜትር ኩቡ አይደለም።

ሦስተኛው መንገድ፦ ዱቄቱን እንደ ሁለተኛ ፈሳሽ መቁጠር

ይህ ሁለት-ፈሳሽ ሞዴል ይባላል። አየሩም ዱቄቱም በየፊናቸው እንደ ፈሳሽ ይሰላሉ፣ በመሀላቸው ያለው የመጎተት ኃይል በቀመር ይሰጣል። ለኤልቦና ለመጋቢ አፍ፣ ለታች ክምርና ለቧንቧ ማስፊያ ቦታ ጥሩ ሥዕል ይሰጣል።

ትልቁ ችግሩ መረቡ ነው፤ መረብ ማለት ቧንቧው ለስሌት የሚከፋፈልባቸው ጥቃቅን ዓይኖች ናቸው። ዱቄቱ በአየር ውስጥ የሚሠራቸውን ጥቃቅን ጉብጉቦች (የቅንጣት እጅቦች) ለማየት የመረቡ ዓይን ከቅንጣቱ አሥር እጥፍ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ለ20 ማይክሮን ቅንጣት 0.2 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በዚህ ልክ የ125 ሚሊ ሜትር ቧንቧ አንድ ሜትር ብቻ 1.5 ቢሊዮን ዓይን ይጠይቃል። ማንም አይሠራውም። መረቡ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ተራው የመጎተት ቀመር እያንዳንዱ ቅንጣት ለብቻው የሚንሳፈፍ ስለሚመስለው ኃይሉን ያጋንናል። ውጤቱ እውነተኛው መስመር በሚደፈንበት ፍጥነት ሲሙሌሽኑ ላይ ዱቄቱ ደስ ብሎት መብረሩ ነው። ለዚህ ተብለው የተሠሩ፣ ጉብጉቡን የሚያርሙ የመጎተት ቀመሮች አሉ። የትኛው እንደተሠራበት ሪፖርቱ ላይ ካልተጻፈ ያልታረመው ነው ብሎ መጠርጠር ይሻላል።

አንድ ቁጥር ደግሞ በቅርብ ይታይ። ብዙ ሶፍትዌሮች ላይ ዱቄቱ የመጨረሻ ሲጠቀጠቅ ከቦታው 0.63 ይሞላል ተብሎ ከፋብሪካ ተሞልቶ ይመጣል። የሲሚንቶ ቅንጣት እፍግታ 3,100 ኪሎ በሜትር ኩብ ነው፤ በ0.63 ሲባዛ 1,950 ይመጣል። ዝም ብሎ የፈሰሰ ሲሚንቶ ግን 1,100 ገደማ ነው፣ ማለትም 0.35። ማንም ሳይነካው የቀረው 0.63 ቧንቧው ከመደፈኑ በፊት እውነቱ ከሚችለው እጥፍ የሚጠጋ ዱቄት እንዲይዝ ይፈቅድለታል። ከሲሊንደሩ ሙከራ ጋር የተያዙት እፍግታዎች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው።

አራተኛው መንገድ፦ እያንዳንዱን ቅንጣት መከተል

እዚህ ረጅም ማውራት አያስፈልግም። አየሩ በመረብ፣ ዱቄቱ ቅንጣት በቅንጣት ግጭቱ እየተቆጠረ ይሰላል። በፊዚክስ በኩል ከሁሉም የጠራው ይህ ነው። በምሳሌያችን መግቢያ አካባቢ ግን ዱቄቱ በሰከንድ 7 ሜትር ቢሄድ አንድ ሜትር ቧንቧ 1.2 ኪሎ ሲሚንቶ ይይዛል። የአንዷ የ20 ማይክሮን ቅንጣት ክብደት ሲካፈልበት 92 ቢሊዮን ቅንጣት ነው፤ በአንድ ሜትር። ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር የሚችለው ሚሊዮኖችን ነው፤ እሱም በሰከንድ ሚሊዮንኛ ደረጃ በሆነ የጊዜ እርምጃ እየተራመደ። ለፕላስቲክ ጥራጥሬ ወይም ለስንዴ ፍሬ ግሩም ነው። ለሲሚንቶ በዚህ መንገድ ሙሉ መስመር ሠራሁ የሚል ካለ፣ የሠራው በዚህ መንገድ አይደለም።

አምስተኛው መንገድ፦ ቅንጣቶችን በጥቅል መከተል

ከላይ ያለውን ቁጥር ለማቅለል ብዙ ቅንጣቶች በአንድ ጥቅል ይወከላሉ። 20 ማይክሮኑ በ1 ሚሊ ሜትር ጥቅል ቢተካ አንዱ ጥቅል 125,000 ቅንጣት ይወክላል፤ በአንድ ሜትር የሚቀረው ወደ 740,000 ጥቅል ነው። ይህ ይሠራል።

ሁለት ቅርንጫፎች አሉት። አንዱ ጥቅሎቹ እየተጋጩ ግጭታቸው የሚቆጠርበት ነው። ሌላው፣ አንድሩስና ኦሩርክ በ1996 ያቀረቡት፣ ግጭቱን ትቶ በመጨናነቅ ግፊት የሚተካው ነው። ሁለተኛው በጣም ይፈጥናል፤ የተለያየ መጠን ያላቸውን ቅንጣቶች በአንድ ላይ መያዝም ይችላል፤ ይህም ለኤልቦ መበላት ጥያቄ ጥሩ ነው። ዱቄቱ ታች ተኝቶ እየተንሸራተተ በሚሄድበት ሁኔታ ግን ግጭቱን የሚቆጥረው ይታመናል። በሁለቱም ዘንድ የሚጠየቀው አንድ ነው፦ የመጎተት ኃይሉ የተሰላው በ20 ማይክሮን ነው ወይስ በጥቅሉ መጠን? በጥቅሉ ከሆነ ሲሚንቶው ሳይሆን አሸዋ ነው የተነዳው። የቅንጣቶቹ መጣበቅም እንዲሁ ለጥቅሉ ተመጥኖ መግባት አለበት።

ለሦስቱም የሲሙሌሽን መንገዶች የፈቃድ ክፍያ የማይጠይቁ ፕሮግራሞች አሉ፤ ኤም-ፊክስ የተባለው የአሜሪካ የኢነርጂ ላቦራቶሪ ሥራና ኦፕንፎም። ወጪው ፕሮግራሙ ላይ ሳይሆን ሠሪው ላይ ነው። በማሽን ትምህርት የሰለጠኑ ሞዴሎችም እየመጡ ነው፤ የራሳችሁ መስመር ለወራት የመዘገበው መረጃ ከሌለ ግን እነሱም የሌላ ሰውን ዱቄት ነው የሚተነብዩት።

በአንድ ሰንጠረዥ

| መንገድ | በደንብ የሚመልሰው | የሚፈልገው | ጊዜ | ሲሳሳት |
|---|---|---|---|---|
| ቀመር በኤክሴል | ግፊት፣ አየር፣ የቧንቧ ስፋት | የዱቄት ሰበቃ ቁጥር ከልኬት | ከሰዓታት እስከ ቀናት | ቁጥሩ ያስታውቃል፤ የመደፈን ፍጥነት ላይ ግን ይስታል |
| የሙከራ መስመር | የመደፈን ፍጥነት፣ ቶን በሰዓት | ናሙና፣ ላቦራቶሪ | ሳምንታት፣ ከመላኪያው ጋር ወራት | ወደ ረጅም መስመር ሲታደግ ምጥጥኑ ይወርዳል |
| ሁለት-ፈሳሽ | ኤልቦ፣ መጋቢ፣ የታች ክምር | እፍግታዎች፣ የታረመ የመጎተት ቀመር | ሳምንታት | አምሮ ይሳሳታል፤ መደፈንን ይደብቃል |
| ቅንጣት በቅንጣት | ጥራጥሬ፣ ትንሽ ክፍል | የግጭትና የመጣበቅ ባሕርያት | ለሲሚንቶ አይሞከርም | የቅንጣት መጠን ተለውጦ ይቀርባል |
| በጥቅል | የኤልቦ መበላት፣ ድብልቅ መጠን | የቅንጣት ስርጭት፣ የጥቅል ምጣኔ | ከቀናት እስከ ሳምንታት | ጥቅሉ እንደ ጠጠር ይቆጠራል |

ለማን የትኛው?

በአጭር ርቀት፣ በሚታወቅ ሲሚንቶ፣ በውስን በጀት አዲስ መስመር ለሚሠራ ኤክሴሉ ይበቃል። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ የዱቄቱ ሰበቃ ቁጥር ከእውነተኛ መስመር ይምጣ። ነጻ የሙከራ መስመር ደግሞ በየግንባታው ቦታ አለ። የሲሚንቶ ቦቴ በራሱ ኮምፕረሰር በ4 ኢንች ጎማ ወደ ሳይሎ ሲያራግፍ፣ የታንኩ ግፊት ጌጅ፣ የማራገፊያው ደቂቃና የጎማው ርዝመት ከተመዘገቡ የመጀመሪያው መረጃ እጅ ገባ።

መስመሩ ከ200 ሜትር ከበለጠ፣ ወይም ዱቄቱ ከዚህ በፊት ተነድቶ የማያውቅ ከሆነ፣ በሲሙሌሽን ላይ የሚወጣው ገንዘብ ወደ ሙከራ መስመር ይዙር። የመደፈን ፍጥነትን ከዱቄቱ በላይ የሚያውቅ ኮምፒውተር የለም።

ለሚበሳ ኤልቦ፣ ለሚንገጫገጭ መጋቢ ወይም በአንድ ቦታ ለሚደፈን ያለ መስመር ሲሙሌሽን ዋጋውን ያወጣል። ለመበላት የጥቅሉን፣ ለክምርና ለመጋቢ የሁለት-ፈሳሹን ይያዙ፤ የሚሰላው ግን ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ብቻ ይሁን፣ የመግቢያው ሁኔታም ከኤክሴሉ ይወሰድ።

የዱቄት ፋብሪካ ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ሂሳብ አለው። የስንዴ ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ በዳይሉት ፌዝ በመሳብ ነው የሚነዳው። መሳብ በደጋ ላይ አቅሙ ያንሳል፤ በ50 ኪሎፓስካል ሲሳብ በባሕር ጠለል 51 ይቀር ነበር፣ አዲስ አበባ ላይ የሚቀረው 27 ብቻ ነው፣ ፍጥነቱም በዚያው ልክ ይተኮሳል። ዱቄቱ በአየር ተበትኖ ሲገኝ የሚፈነዳ መሆኑም አለ፤ የፍንዳታ ማስተንፈሻና የቧንቧ መሬት ማስያዣ ከፍሰት ሞዴል አይወጣም፣ ለብቻው ይሠራል።

ማንኛውንም ሞዴል በሁለት ጌጅ መፈተን

ያለ መስመር ካለ፣ ከመጋቢውና ከኤልቦ በራቀ ቀጥ ባለ አግድም ቦታ ላይ በ20 ሜትር ልዩነት ሁለት የግፊት መለኪያ ይገጠም። የመለኪያው ቀዳዳ ከቧንቧው በላይ በኩል ይሁን፤ ዱቄት እንዳይሞላው ጥቂት ንጹህ አየር ያለማቋረጥ ይሰጠው። ንባቡ ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ ተመዝግቦ አማካዩ ይወሰድ፤ በዴንስ ፌዝ አንድ ንባብ ብቻውን ዋጋ የለውም።

በምሳሌው መስመር መሀል ላይ ፍጹም ግፊቱ 200 ኪሎፓስካል ነው፣ በሁለቱ ጌጆች መሀል ያለው ልዩነትም 18 ሆነ እንበል። እዚያ የአየሩ እፍግታ 2.38፣ ፍጥነቱ 11.3 ሜትር በሰከንድ ነው። በባርት ቀመር ላይ ከሰበቃ ቁጥሮቹ ውጭ ያለው ሁሉ ሲባዛ 24.3 ኪሎፓስካል ይመጣል። 18 ሲካፈል ለ24.3 ወደ 0.74 ነው፤ የአየሩ 0.02 ሲቀነስና ቀሪው ለ25 ሲካፈል የዱቄቱ ሰበቃ ቁጥር 0.029 ይሆናል። ከ18ቱ ውስጥ የንጹህ አየሩ ድርሻ ግማሽ ኪሎፓስካል ብቻ ነበር፤ ሌላው በሙሉ የዱቄቱ ነው። ሲሙሌሽን የሠራው ድርጅትም ለዚያው 20 ሜትር፣ ለዚያው ቶንና ለዚያው አየር ስንት እንዳገኘ ይጠየቅ፤ ልኬቱ ለእሱ ሳይነገረው በፊት።